የአንጎል፣ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለሆኑ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ጠያቂዎቹ ሕመማቸው የተለያየ ነው፤ የሚያመሳስላቸው ግን የምርመራ ማዘዣ ወይም ውጤት በእጃቸው ይዘው ምርመራው ለምን እንደታዘዘ ያልተነገራቸው መሆኑ ነው። በነርቭ ሕክምና አንድ ምርመራ የሚታዘዘው ሐኪሙ የታማሚውን ታሪክ ሰምቶና አካሉን መርምሮ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ከያዘ በኋላ ነው። ታማሚው ያንን ጥያቄ ካላወቀ ውጤቱን ሲቀበል ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ወይም ያለ ምክንያት ይጽናናል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አልፎ አልፎ በድንገት ይወድቃል፤ ሰውነቱ ይገተርና ይንቀጠቀጣል፤ አረፋ ይደፍቃል። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ፌኖባርቢታል ጀመረለት። በኋላ ኢኢጂ የሚባለውን የጭንቅላት ምርመራ አስደረግንለት፤ ውጤቱ ምንም ችግር የለውም ይላል። ዘመድ ጎረቤቱ «ማሽኑ ካላገኘው በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱን አቁሚና ጠበል ውሰጂው» ይለኛል። ምን ላድርግ? — እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ ነው። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቆም ከበፊቱ የባሰና ያለ እረፍት የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህም ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ ነው። ጠበል መውሰድዎን የሚከለክል የለም፤ ልጁ ወደ ጠበሉ ሲሄድ መድኃኒቱንም ይዞ ይሂድ፣ በሰዓቱም ይዋጥ።

አሁን ወደ ውጤቱ እንምጣ። የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በጣም አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ኢኢጂ ይህንኑ ምልክት ራስ ቅል ላይ በሚለጠፉ ሃያ ያህል ትንንሽ ብረቶች አማካይነት እየቀዳ በወረቀት ወይም በኮምፒዩተር መስኮት ላይ በሞገድ መልክ ይጽፋል። ከሰው ራስ ላይ ይህን ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሐንስ በርገር ነው፤ በየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 የጀመረውን ሥራ በ1929 አሳተመው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ቢሻሻልም አንድ ነገር አልተለወጠም፦ ኢኢጂ የሚያየው በተቀዳበት ሰዓት የነበረውን የአንጎል ሁኔታ ብቻ ነው። የተለመደው ምርመራ የሚፈጀው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ልጅዎ ግን የሚወድቀው አልፎ አልፎ ነው። በሐምሌ ወር ለግማሽ ሰዓት ሰማዩ ጠርቶ ያገኘ ሰው ክረምቱ አልፏል ሊል አይችልም፤ በሁለት ውድቀቶች መካከል የተቀዳ ጥሩ ኢኢጂም የሚጥል በሽታ የለም ሊያሰኝ አይችልም።

በሽታው እንዳለባቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቁ ሰዎች እንኳ በመጀመሪያው ምርመራ ምልክት የሚገኝባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ምርመራው ሲደጋገምና በተለይ እንቅልፍ ሲጨመርበት ቁጥሩ እስከ ሰማንያ በመቶ አካባቢ ከፍ ይላል፤ የቀሩት ግን ሁልጊዜ ጥሩ ውጤት እያገኙ በበሽታው መሠቃየታቸውን ይቀጥላሉ። በተቃራኒው ወድቀው የማያውቁ ጥቂት ጤነኞች ላይ የሚጥል በሽታ የሚመስል ሞገድ ይታያል፤ እነዚህን ሰዎች በወረቀቱ ብቻ አይቶ ለዓመታት መድኃኒት ማስዋጥም ያው ስሕተት ነው። ስለዚህ የሚጥል በሽታ መኖሩ የሚታወቀው በዋነኛነት ከታሪኩ ነው። ኢኢጂ የሚያግዘው የበሽታውን ዓይነት ለመለየት፣ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሣ ለመጠቆምና አንዳንድ ጊዜም መድኃኒት ለመምረጥ ነው። ለምሳሌ ትምህርት ላይ ሳሉ ለጥቂት ሴኮንዶች ፍዝዝ ብለው የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ ለ3 ደቂቃ በኃይልና በጥልቀት እንዲተነፍሱ ሲደረግ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ በጣም የታወቀ ሞገድ ይወጣል፣ ልጁም እዚያው ፊታችን ይፈዝዛል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ምርመራው ብዙ ክርክር ይፈታል።

ታሪኩ ወሳኝ ከሆነ ደግሞ ታሪኩን የሚያውቀው ልጁ ሳይሆን እርስዎ ነዎት፤ እርሱ በዚያ ሰዓት ራሱን አያውቅምና። ልጁ ሲወድቅ አንድ ሰው ጎኑ ሆኖ ከጉዳት ይጠብቀው፣ ሌላው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጸው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፤ በዚያ ፈንታ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጨፍኖ፣ ራሱ ወይም ዓይኑ ወደ አንድ ወገን ዞሯል ወይ፣ መንቀጥቀጡ ከየትኛው እጅ ወይም እግር ጀመረ፣ ምላሱን ነክሷል ወይ፣ ሽንቱ አምልጦታል ወይ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ከዚያ በኋላስ ለምን ያህል ጊዜ ግራ ተጋብቶ ቆየ የሚለውን ያስተውሉ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን ቪዲዮውን ትተው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። በእኔ ግምት ጥሩ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ገጽ ኢኢጂ ይበልጣል፤ ይህን የምለው መሣሪያውን አቃልዬ አይደለም።

ሐኪሙ ካላዘዘው አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቁ፤ እርሱም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ ነው። ከአንዳንድ የልብ ምት መዛባት የተነሣ የሚወድቁ ወጣቶች ለአጭር ጊዜ ስለሚንቀጠቀጡ በሚጥል በሽታ ስም ለዓመታት ይታከማሉ። ምርመራው ዋጋው አነስተኛ ነው፣ በብዙ ሆስፒታል ይገኛል፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ኢኢጂው እንዲደገም ከታዘዘ ዝግጅቱ ውጤቱን ይወስነዋል። ፀጉሩ በዋዜማው በሳሙና ይታጠብ፤ ቅቤም ሆነ ቅባት አይነካው፤ ሹሩባ ያላቸው ልጃገረዶች ይፍቱት። ጾሙን አይምጣ፤ ረኀብ ሞገዱን ይለውጠዋልና። ሌሊቱን እንዲያመሽ ከተነገራችሁ በእውነት ያምሽ፣ ቡናም አይጠጣ፤ በምርመራው ሰዓት እንቅልፍ እንዲወስደው የሚፈለገው ሆን ተብሎ ነው። መድኃኒቱንም ሐኪሙ በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር እንደ ወትሮው ይውሰድ።

በመጨረሻ ለጎረቤቶችዎ ይህን ይንገሯቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1000 ሰዎች 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። በየመንደሩ አለ ማለት ነው፤ የእርስዎ ልጅ ብቻውን አይደለም።

ጥያቄ፦ ኢኢጂ ሲነሣ ኤሌክትሪክ ወደ አንጎል ይገባል? የሰውን ሐሳብ ወይም የማሰብ ችሎታስ ያሳያል? — ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ምንም ኤሌክትሪክ አይገባም። መሣሪያው የሚቀበል እንጂ የሚልክ አይደለም፤ የሚቀበለውም የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ክፍል እያልን የምንለካውን ያህል ጥቃቅን ነው። ስለዚህ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም አይጎዳም፣ ቢደጋገምም ችግር የለውም። ሐሳብን አያነብም፤ የማሰብ ችሎታን አይለካም፤ ድብርትን ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመምን ለመለየትም የታሰበ አይደለም። በአእምሮ ሕመም ጊዜ ኢኢጂ የሚታዘዘው ሐኪሙ ከጀርባው የሚጥል በሽታ ወይም የአንጎል ብግነት ይኖር ይሆን ብሎ ሲጠራጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሹሩባ በመሥራት የምተዳደር ሴት ነኝ። ሌሊት ቀኝ እጄ ይደነዝዛል፣ ያቃጥለኛል፤ ተነሥቼ ካላራገፍሁት አይለቀኝም። ሐኪሙ በኤሌክትሪክና በመርፌ የሚደረግ የነርቭ ምርመራ ላከኝ። አንዲት ጓደኛዬ ነርቭ በመርፌ ሲነካ ይሽመደመዳል ስላለችኝ ፈርቼ ማዘዣውን አስቀምጬዋለሁ። — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ማዘዣውን ያውጡት፤ ነርቭዎ በዚህ ምርመራ አይሽመደመድም። ሆኖም ፍርሃትዎ የመጣው ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ሊሆን ስለሚችል ለየብቻ ላስረዳዎት።

የመጀመሪያው የነርቭን የማስተላለፍ ፍጥነት የሚለካው ነው። ቆዳ ላይ ብረት ተለጥፎ ነርቩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ከአንድ ሴኮንድ ሺኛ ክፍል ያነሰ ጊዜ የሚቆይ ንዝረት ይሰጣል፤ ጣትዎ ሳያስቡት ይወራጫል። ደስ የሚል ስሜት እንዳልሆነ አልደብቅዎትም፣ ግን ወዲያው ያልፋል፣ ጉዳትም አያስከትልም። ሄርማን ሄልምሆልዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ እንዳሳየው የነርቭ መልእክት የሚጓዘው በሚለካ ፍጥነት ነው፤ ጤናማ በሆነ የሰው ክንድ ላይ በሴኮንድ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ እግር ላይ ደግሞ 40 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። መርማሪው ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን የደረሰውን ምልክት መጠንም ይመለከታል። የነርቩ ሽፋን ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል፤ ነርቩ ራሱ ሲሞት ግን የሚደርሰው መልእክት ያንሳል። ሕክምናቸው ስለሚለያይ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው።

በእርስዎ ዘንድ የሚጠረጠረው በእጅ አንጓ ውስጥ ባለ ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ መጨቆኑ ነው። ይህ ነርቭ ለአውራ ጣት፣ ለአመልካች ጣት፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት ይሰጣል፤ ትንሿ ጣት ከሌላ ነርቭ ስለምታገኝ ትተርፋለች። ዛሬ ሌሊት ሲነቁ ትንሿ ጣትዎም ደንዝዛ እንደሆነ ልብ ይበሉና ለሐኪሙ ይንገሩት። መርማሪው የሁለቱን ነርቮች ፍጥነት ያነጻጽራል፤ መዘግየቱ አንጓው ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው፣ ክንዱን በሙሉ ከሆነ ወይም ሁለቱንም ነርቮች የያዘ ከሆነ ግን ስኳር በሽታንና ሌሎች ምክንያቶችን እንፈልጋለን።

ሁለተኛው በመርፌ የሚደረገው ኢኤምጂ ነው። መርፌው የሚገባው ጡንቻ ውስጥ እንጂ ነርቭ ውስጥ አይደለም፤ መድኃኒትም ኤሌክትሪክም አይሰጥም፤ የጡንቻውን የራሱን ምልክት ተቀብሎ በድምፅና በሞገድ ያሰማል እንጂ። ጤናማ ጡንቻ ሲዝናና ጸጥ ይላል፤ ነርቩ የተቆረጠበት ወይም የታመመበት ጡንቻ ግን ተዝናንቶም ያለማቋረጥ ይንጣጣል። ይህ ምልክት የሚታየው ነርቩ ከተጎዳ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በአደጋ ወይም በስለት ነርቩ ተጎድቶ በሦስተኛው ቀን ኢኤምጂ ያስደረገ ሰው ባዶ ውጤት ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ለዚህ ነው ቀጠሮው ሲዘገይ ሐኪሙ ሆን ብሎ ሊሆን የሚችለው። የእርስዎ ችግር በፍጥነት ምርመራው ግልጽ ሆኖ ከታየ መርፌው ላያስፈልግ ይችላል፤ የአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ወይም ከአንገት የሚነሣ የነርቭ መጨቆን ከተጠረጠረ ግን ያስፈልጋል።

በዕለቱ ቀለበትና አምባር ያውልቁ፤ ቫዝሊንም ሆነ ሌላ ቅባት አይቀቡ። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ልባቸው ላይ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎች አስቀድመው ይናገሩ። እጅዎንም ያሙቁት፤ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን የቆዳ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ የነርቭ ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 2 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በነሐሴ ብርድ በዝናብ ተመትቶ የመጣ ታካሚ እጁ ሳይሞቅ ከተመረመረ የሌለበት በሽታ ሊጻፍበት ይችላል። መርማሪው እጅዎን በሙቅ ውኃ ቢዘፈዝፍልዎ ጊዜ እያባከነ አይደለም።

ምርመራው እስኪደርስ ማታ ማታ አንጓዎ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚያደርግ መደገፊያ ይሰሩበት። ብዙዎች በዚህ ብቻ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ ስኳር በሽታ አለብኝ። እግሬ ሌሊት እንደ እሳት ይለበልበኛል። የነርቭ ፍጥነት ምርመራው ግን ደህና ነህ አለኝ። ሰው አስመሳይ እያለኝ ነው። — ከሐዋሳ

መልስ፦ አስመሳይ አይደሉም። የፍጥነት ምርመራው የሚለካው ወፍራሞቹን ነርቮች ብቻ ነው። ሙቀትን፣ ቅዝቃዜንና የማቃጠል ሕመምን የሚያስተላልፉት ግን በጣም ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ መሣሪያው እነርሱን አይደርስባቸውም፣ ስኳር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያጠቃው እነርሱን ነው። ሐኪምዎ በመርፌ ጫፍና በቀዝቃዛ ነገር እግርዎን ቢመረምር ከማሽኑ የተሻለ ያገኛል። የቢ12 ቫይታሚን መጠንዎም ይታይ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ከሆነ በተለይ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ አይሶናያዚድ ቢ6 ካልታከለበት ይህንኑ ሕመም ያመጣል።

ጥያቄ፦ በሪያድ በቤት ሠራተኛነት እኖራለሁ። ጠዋት ደህና እሆናለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን የዓይኔ ቆብ ይወርድብኛል፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጌ አያለሁ፣ ሲመሽ ማኘክም ያቅተኛል። ዓይን ሐኪም ዓይንሽ ጤና ነው አለኝ። ምን ምርመራ ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሲደክሙ የሚብስና ሲያርፉ የሚሻል ድካም ከነርቭ ወደ ጡንቻ መልእክት በሚሻገርበት ቦታ ላይ ያለ ችግርን ያመለክታል፤ ሐኪሞች ማያስቴንያ ግራቪስ የሚሉት ነው። የነርቭ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠይቁ። ነርቩ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል እየተነዘረ የጡንቻው ምላሽ የሚለካበት ምርመራ አለ፤ በጤነኛ ሰው ምላሹ አይቀንስም፣ በዚህ በሽታ ግን ከአሥር በመቶ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የደም ምርመራም አለ፤ ሕመሙ አካሉን በሙሉ ሲይዝ ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉ ላይ ምልክቱ ይገኛል፣ ዓይን ላይ ብቻ ሲወሰን ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ባዶ ቢሆን ተስፋ ቆርጠው አይመለሱ። መርማሪው ምንም መሣሪያ ሳይፈልግ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በተጨፈነው ዓይንዎ ቆብ ላይ ለ2 ደቂቃ አኑሮ ቆቡ ከፍ ካለ ትልቅ ፍንጭ ያገኛል። በሽታው ከተረጋገጠ ደግሞ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የተባለው ዕጢ በሲቲ ስካን ይታያል።

መዋጥ ካስቸገረዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ አሠሪዎችዎም ይህን አስቀድመው ይወቁ። ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ይህን ሕመም ስለሚያባብሱ ለማንኛውም ሕመም ሲታከሙ ስለ ጥርጣሬው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ሚስት ሕፃኗ ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ይዟት ሆስፒታል ስትገባ ከጀርባዋ ፈሳሽ ይወሰድ ቢሏት እንቢ ብላ ልጇን ይዛ ወጣች። ልጅቷ በኋላ በሌላ ሆስፒታል ታክማ ተርፋለች፤ የመስማት ችሎታዋ ግን ተጎድቷል። እኛም አገር ሁሉ የሚያወራው ከጀርባ ውኃ የተቀዳ ሰው አይነሣም እየተባለ ነው። እውነት ነው? — ከጎንደር

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ስለ ልጅቷ ግን ከልቤ አዝናለሁ። ይህ ወሬ በአገራችን ካሉት የሕክምና ወሬዎች ሁሉ ብዙ ሕፃናትን የሚጎዳው ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከየት እንደመጣ መረዳት አለብን። ማጅራት ገትር የያዘው ሰው በጣም ታሞ ሆስፒታል ይደርሳል፣ ፈሳሹ ይወሰዳል፣ አንዳንዱ ከበሽታው ጽናት የተነሣ ይሞታል ወይም ይሽመደመዳል። ቤተሰቡ ያየው መርፌውን ስለሆነ ጥፋቱን በመርፌው ላይ ያኖራል። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን በሚያቋርጠው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች አገር በመሆኗ ይህን አጋጣሚ ያላየ መንደር ጥቂት ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ) የከበበ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ በአዋቂ ሰው መጠኑ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን ሰውነት በየቀኑ 500 ሚሊ ሊትር ያህል አዲስ ያመነጫል። የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይተካል። ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአዋቂ ሰው ከወገብ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አጥንት አጠገብ ሲሆን መርፌው የሚገባው ከሦስተኛው በታች ነው፤ በሕፃናት ህብለ ሰረሰሩ ትንሽ ዝቅ ስለሚል መርፌው አብሮ ዝቅ ይላል። እዚያ ያሉት የሚንሳፈፉ የነርቭ ሥሮች ብቻ ናቸው። ሃይንሪሽ ክቪንከ እ.ኤ.አ. በ1891 በጀርመን አገር ይህን ዘዴ ካስተዋወቀ ጀምሮ ቦታው የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳት ፈጽሞ የለውም አልልም። አንዳንድ ሰው ከተቀመጠ የሚጀምር፣ ከተጋደመ የሚለቅ ራስ ምታት ለጥቂት ቀናት ይይዘዋል። አንጎል ውስጥ እብጠት የተጠረጠረበት፣ ደሙ የማይረጋ ወይም መርፌው በሚገባበት ቆዳ ላይ ቁስል ያለበት ሰው መጀመሪያ ሌላ ምርመራ ይደረግለታል ወይም ይቆያል፤ ጥሩ ሐኪም ይህን ሳያይ መርፌ አያነሣም። በዚህ ሁሉ መካከል መድኃኒቱ መጠበቅ የለበትም፤ ማጅራት ገትር ከተጠረጠረ ፈሳሹ ቢዘገይ እንኳ አንቲባዮቲኩ ወዲያው ይጀመራል። ፈሳሹ የሚያስፈልገው የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ፣ ቲቢ ይሁን ሌላ፣ መድኃኒቱስ ለስንት ቀን መሰጠት እንዳለበት ለማወቅ ነው። በሲቲ ስካን ይህ አይታወቅም፤ የደም ምርመራም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

የልጅቷ መስማት በመሣሪያ ይለካ። እንቅልፍ ላይ ሳለች በጆሮዋ ድምፅ እየተሰጠ የአንጎል ግንዷ ምላሽ ከራሷ ላይ የሚቀዳበት ምርመራ አለ፤ መናገር ባትችልም ምን ያህል እንደምትሰማ ያሳያል። መስሚያ መሣሪያ ካስፈለጋትና በቶሎ ከተደረገላት ቋንቋ ትይዛለች፤ አንድ ዓመት መዘግየት ለእርሷ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ገበሬ ናቸው። የዛሬ ብዙ ዓመት ሰብል በጠፋበት ጊዜ ጓያ ብቻ ሲበሉ ከርመው እግራቸው ገተር ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ እየሄዱ እርሻቸውን ያርሱ ነበር። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ግን መቆም አቃታቸው፤ ጀርባቸውን ያማቸዋል፤ ሽንታቸውም ያስቸግራቸዋል። አንዱ የጓያው በሽታ ነው የተነሣባቸው ይላል፤ ሌላው በሬ ሸጠን የጭንቅላት ኤምአርአይ እናስነሣ ይላል። — ከደላንታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን መልስ እንዳነበቡ አባትዎን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ የቀረውን መንገድ ላይ ያነቡታል።

የጓያ ሽባነት በአካባቢያችሁ በደንብ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በደላንታ በብዙ ሰው ላይ ወርዷል። በእህሉ ውስጥ ያለው መርዝ የሚጎዳው ከአንጎል ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርደውን መንገድ ነው፤ ስለዚህ እግር ይገተራል፣ ጉልበት ሲመታ በኃይል ይፈነጥራል፣ ስሜት ግን አይጠፋም። ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ እግር የሚሄዱት ነርቮች በአብዛኛው ደህና ስለሆኑ ከላይ ለሹሩባ ሠሪዋ የገለጽሁት የፍጥነት ምርመራ ለዚህ በሽታ ብዙ አይጠቅምም። በሽታው የሚታወቀው ከታሪኩና ከአካል ምርመራው ነው። አንድ ጠባይም አለው፦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመጣል፣ ጓያው ሲቀር ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ባለበት ይኖራል። ከብዙ ዓመት በኋላ በራሱ ተነሥቶ የጀርባ ሕመምና የሽንት ችግር አያመጣም።

ስለዚህ አባትዎ ሁለተኛ በሽታ ይዟቸዋል ብሎ መነሣት ይገባል። በዚህ ዕድሜና በዚህ አኳኋን በመጀመሪያ የምጠረጥረው ህብለ ሰረሰሩ መጨቆኑን ነው፤ ከምክንያቶቹም በአገራችን ዋነኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ማታ ማታ ላብ፣ ክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት አለባቸው ወይ? ጀርባቸው ላይ ወጣ ያለ አጥንት ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ አለ ወይ? ስሜታቸውስ ከእምብርት በታች ወይም ከሌላ ቦታ ጀምሮ ደብዝዟል ወይ? የአከርካሪ ቲቢ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፣ የተሽመደመደ እግርም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መዘግየት ግን የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል።

የጭንቅላት ኤምአርአይ ለእርሳቸው አይሆንም። ሁለቱም እግር ተይዞ እጅ፣ ንግግርና ፊት ደህና ከሆነ ችግሩ የሚፈለገው አከርካሪ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በአቅራቢያው ሆስፒታል የአከርካሪና የደረት ራጅ ይነሣ፣ የደም ምርመራ ይደረግ፤ የተበላ ወይም የተሰበረ አጥንት በራጅ ብቻ ሊታይ ይችላል፣ በሬውም ላይሸጥ ይችላል። የነርቭ ስፔሻሊስት ካጡ ተስፋ አይቁረጡ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ ቁጥራችን አሁንም ጥቂት ነው፣ ይህን ምርመራ ግን ጠንቃቃ የውስጥ ደዌ ሐኪም ወይም ጠቅላላ ሐኪም በሚገባ ይጀምረዋል።

ኤምአርአይ ማስፈለጉ አይቀርም ከተባለ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። እግር ስለታመመ ብቻ «የወገብ ኤምአርአይ» ተብሎ የተጻፈ ማዘዣ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ህብለ ሰረሰር ከወገብ ሁለተኛ አጥንት በታች አይወርድም፤ የተገተረና የሚፈነጥር እግር ደግሞ ጉዳቱ ከዚያ በላይ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ወገብ ብቻ ቢነሣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ዋናው ቦታ ሳይታይ ይቀራል። ማዘዣው ላይ የደረት አከርካሪ፣ ከተቻለም ከአንገት ጀምሮ የሚል እንዲጻፍ ሐኪሙን ይጠይቁት፤ ከቤት ሳይወጡም አባትዎ ሽንታቸውን ከሸኑ ስንት ሰዓት እንደሆናቸው ይመልከቱ። ፊኛቸው ተወጥሮ መሽናት ካቃታቸው ከሁሉ በፊት በቱቦ እንዲወጣላቸው በደረሱበት ጤና ጣቢያ ያሠሩላቸው፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥሉ።